ስለ ጥበብ ልብሱ እንደሚጠይቁት ስለ ጎመኑም ይጠይቁ

ለበዓል ወይም ለሠርግ የሚሆን ልብስ ፍለጋ ሽሮ ሜዳ ወጥተው ያውቁ ይሆናል። ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ከተደረደሩት ሱቆች ወደ አንዱ ሲገቡ ምን ያደርጋሉ? ቀሚሱን ያገላብጣሉ። ጥለቱን በጣትዎ ይዳስሳሉ። «የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር?» ብለው ይጠይቃሉ። «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?» ብለው ይጨምራሉ። ነጋዴው የሚያውቀውን ይመልሳል፤ ያላወቀውን ከሸማኔው ጠይቆ ይነግርዎታል። እሱ ካልመለሰልዎ ቀጥሎ ያለው ሱቅ እንደሚመልስልዎ ያውቃልና።

ልብሱን ይዘው ሲመለሱ ደግሞ መንገድ ላይ ካለው ሱፐርማርኬት ወይም አትክልት ቤት ጎራ ይላሉ። አንድ እስር ቆስጣ፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይገዛሉ። እዚህ ላይ ግን ጥያቄዎ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ነው?»

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለምንለብሰው ልብስ ያን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በየቀኑ ወደ ሆዳችን ለምናስገባው ምግብ ዝም ማለታችን ያስገርማል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ዝምታ የሚመለከት ነው። በሰፈርዎ ያሉ ሱቆችና ሱፐርማርኬቶች በጤናማ መንገድ የተመረተ ምግብ እንዲያቀርቡ ለማድረግ እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ? በቅድሚያ ግን ጉዳዩ ለምን የጤና ጉዳይ እንደሆነ እንመልከት።

ሦስት የአደጋ በሮች

የመጀመሪያው በር የፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። ቲማቲም በብዛት ከሚመረትባቸው አካባቢዎች መካከል መቂና ባቱ (ዝዋይ) የሚገኙበት የስምጥ ሸለቆ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ሀገራችን መግባቱ የታወቀው «ቱታ አብሶሉታ» የተባለ የቲማቲም ተባይ የአምራቹን ጭንቀት አብሶታል። የተባዩ ትል ቅጠሉንና ፍሬውን ሰርስሮ ውስጥ ስለሚገባ መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ አምራቹ ደጋግሞ ይረጫል። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ምርቱ ሳይለቀም መቆየት ያለበት የቀናት ብዛት አለ፤ በመያዣው ላይም ይጻፋል። ቀኑ ሳይሞላ የተለቀመ ቲማቲም ግን የመድኃኒቱን ቅሪት ይዞ ገበያ ይደርሳል።

«ኦርጋኖፎስፌት» የሚባሉት የፀረ ተባይ ዓይነቶች በብዛት ወደ ሰውነት ከገቡ ማስመለስ፣ የምራቅ መብዛት፣ የእይታ መደብዘዝና የትንፋሽ ማጠር ያስከትላሉ። ይህ አጣዳፊ መመረዝ በዋነኛነት የሚያሰጋው ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል የሚረጨውን ገበሬ ነው። ተመጋቢውን የሚያሰጋው ደግሞ በትንሽ በትንሹ ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው ቅሪት ነው። ሕፃናት ከሰውነታቸው ክብደት አንጻር ሲታይ ከአዋቂ የበለጠ ይመገባሉ፤ አእምሯቸውም ገና በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ የሚሹት እነሱና ነፍሰ ጡር እናቶች ናቸው። እንደ ዲዲቲ ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች ደግሞ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይጠፉ ይቆያሉ፤ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻሉ፤ በእናት ጡት ወተትም ወደ ሕፃኑ ሊተላለፉ ይችላሉ። ይህ ግን ጡት ማጥባትን ለማቆም ፈጽሞ ምክንያት አይሆንም። የጡት ወተት ጥቅም ከዚህ ስጋት እጅግ ይበልጣል።

ሁለተኛው በር ውሃው ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ከእንጦጦ የሚነሡት ጅረቶች መነሻቸው ላይ ንጹሕ ናቸው። ቁልቁል ወደ መሃል ከተማ ሲወርዱ ግን የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭ እየተቀላቀለባቸው አቃቂ ይደርሳሉ። በዚህ ውሃ በቄራና በአቃቂ አካባቢ ለብዙ ዓመታት አትክልት ሲለማ ኖሯል። በከተማዋ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናትን ጨምሮ የተለያዩ ምርምሮች በአትክልቶቹ ውስጥ እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉት ከጥቅል ጎመን ይልቅ ብረቶቹን የመሰብሰብ ባሕርይ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ሰውነት ውስጥ «ይህን ያህል ቢገባ ጉዳት የለውም» የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። እርሳስ የሕፃናትን የማሰብና የመማር ችሎታ ይጎዳል፤ ካድሚየም ደግሞ ኩላሊትን። ተክሉ እነዚህን ብረቶች በሥሩ ስቦ ስለሚያስገባቸው ቅጠሉን ደጋግሞ ማጠብ አያስወግዳቸውም። መፍትሔው ከየት እንደመጣ ማወቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው በር ጎተራው ነው። ሽሮ የሚሆነው ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ በነቀዝ እንዳይበላ አንዳንድ ጊዜ የነቀዝ ኪኒን ይጨመርበታል። ከእነዚህ መካከል አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በሰው ላይ ጉዳት ካደረሰም ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ኪኒኑ በባለሙያ ተለክቶ፣ ሰው በማይኖርበት መጋዘን ተጨምሮ፣ እህሉም በበቂ ሁኔታ ከተናፈሰ ጉዳቱ ይቀንሳል። እህሉ ሳይናፈስ ሲሸጥ ወይም ኪኒኑ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ባለ ጆንያ ሲጨመር ግን ለሕይወት ያሰጋል። ዛሬ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በሀገራችን ይገኛል። ነቀዙ አየር አጥቶ ስለሚሞት ኬሚካል አያስፈልግም። በዚህ መንገድ ከተቀመጠ እህል የተፈጨ ሽሮ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ በስሙ ሽሮ ባለበት ሰፈር ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

«ኦርጋኒክ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «ኦርጋኒክ» ሲባል «የሐበሻ»፣ «የገጠር» ወይም «ንጹሕ» ማለት ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው። ኦርጋኒክ ምርት የሚባለው ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይጨመርበት፣ የአፈሩ ለምነት በኮምፖስት፣ በሰብል ፈረቃና በመሳሰሉት ተጠብቆ የተመረተና ይህም በተቆጣጣሪ አካል የተረጋገጠለት ነው። ሀገራችን በ1998 ዓ.ም. የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አውጥታለች። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያላቸው እንደ ቡና ያሉ ምርቶች ግን በአብዛኛው የሚሄዱት ወደ ውጭ ገበያ ነው። ሰነዱም ምርቱን ተከትሎ ባሕር ይሻገራል። ስለዚህ በሰፈር ሱቅ «ኦርጋኒክ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ነገር ሲያዩ «ማን አረጋገጠው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኦርጋኒክ መሆን ሁሉን ነገር እንደማይፈታም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ባቀረቡት ትንታኔ፣ የኦርጋኒክ ምግብ የፀረ ተባይ ቅሪት የመያዝ ዕድሉ ዝቅተኛ መሆኑን አግኝተዋል። በቫይታሚንና በመሳሰሉት ግን ከሌላው በጉልህ እንደሚበልጥ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። በሚገባ ያልበሰለ የእንስሳት ፍግ የተጨመረበት ጎመን ምንም ኬሚካል ባይነካውም የሆድ ትላትል እንቁላልና ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ኦርጋኒክ ብስኩትም ያው ብስኩት ነው፤ ስኳሩ አይቀንስም።

ስለዚህ ለእኛ ለሸማቾች የሚበጀው ከስሙ ይልቅ የምርቱን ታሪክ መከተል ነው። የት በቀለ? በምን ውሃ? ምን ተረጨበት? መቼ ተለቀመ? እንዴት ተቀመጠ? እነዚህን የሚመልስ ነጋዴ ምስክር ወረቀት ባይኖረውም በግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ዕውቀቱስ አለን ወይ? አለን። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከመሠረቱት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ጋር በትግራይ የሚገኙ አርሶ አደሮች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በኮምፖስት ላይ ሠርተዋል። በሚገባ የተዘጋጀ ኮምፖስት ያገኙ ማሳዎች በኬሚካል ማዳበሪያ ከለሙት የማያንስ ምርት መስጠታቸው በዚህ ሥራ ታይቷል። ዶክተር ተወልደብርሃን እ.ኤ.አ. በ2000 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀብለዋል። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን፣ በዕውቀቱ የተመረተውን ሱቅ ድረስ የሚጎትት ጠያቂ ነው።

ባለሱቁ ለምን አያመጣም?

ነጋዴውን ከመውቀስ በፊት ችግሩን መረዳት ይጠቅማል። ቀድሞ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። የሽሮ ሜዳ አትክልት ነጋዴ ከከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥቶ በሌሊት ወደ ደቡብ ይወርዳል። እዚያ ያገኘውን፣ ዋጋው የሚያዋጣውንና በመንገድ የማይበላሽበትን ጭኖ ይመለሳል። ከየት ማሳ እንደመጣ የነገረው የለም፤ የጠየቀውም ደንበኛ የለም። ያለ ኬሚካል የተመረተ ጎመን ትንሽ ትል የበላው ቅጠል ቢኖረው ደንበኛው አንሥቶ ይመልሰዋል። ውድ ዋጋ ከፍሎ ያመጣው ቢበሰብስበት ኪሳራው የራሱ ነው።

የሱፐርማርኬት መደርደሪያም እንዲሁ ነው። ከዓመት በፊት የታሸገ ብስኩት፣ የዱቄት ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ አይበሰብስም፤ ስለዚህ የፊቱን ቦታ ይይዛል። በሶ፣ ቆሎ፣ ተልባ፣ ያልተፈተገ የስንዴና የገብስ ዱቄት ግን ጥግ ይያዙ ወይም ጭራሹን አይኖሩም። ከሰፈር አቅራቢያ የሚመጣና በአሰር የበለጸገ ምግብ እያለን፣ ልጆቻችን የሚያዩት ስኳሩን ነው።

ስለዚህ ባለሱቁ የሚፈልገው ምክር ሳይሆን ዋስትና ነው። «ካመጣህ እንገዛሃለን» የሚል ዋስትና።

እንዴት እንጠይቅ?

አንደኛ፣ በአንድ ነገር ይጀምሩ። «ሁሉንም ኦርጋኒክ አድርግልን» የሚል ጥያቄ ማንንም አያንቀሳቅስም። «በየቅዳሜው በወንዝ ውሃ ያልለማ ቆስጣና የሐበሻ ጎመን ብታመጣ እንወስዳለን» የሚለው ግን የሚታሰብበት ነው።

ሁለተኛ፣ ብቻዎን አይጠይቁ። ዕድርዎ፣ ዕቁብዎ፣ የጽዋ ማኅበርዎ ወይም የግቢዎ ጎረቤቶች አሉ። አሥር ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ሁለት እስር ለመውሰድ ቢስማማ ሃያ እስር ነው። ሃያ እስር ገዥው የታወቀ ጎመን አይበሰብስም። ቃልዎን ግን ይጠብቁ። ባለሱቁ አምጥቶ እርስዎ ከቀሩ፣ ሁለተኛ የሚሰማዎ የለም።

ሦስተኛ፣ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆኑ የሱቁ ባለቤት እርስዎም ነዎት። በጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ስኳርና ዘይት መጣ አልመጣ ብለን እንደምንጠይቀው ሁሉ፣ ማኅበሩ ከአምራች ገበሬዎች ማኅበራት በቀጥታ አትክልትና ጥራጥሬ እንዲያመጣ፣ ስለ አመራረቱም ከአምራቹ ጽሑፍ እንዲቀበል አጀንዳ ማስያዝ ይችላሉ። በእሁድ ገበያዎችም አምራቹን ራሱን የማግኘት ዕድል አለ። ሲያገኙት ከዋጋው ቀጥሎ ስለ ውሃውና ስለ መድኃኒቱ ይጠይቁት።

አራተኛ፣ ትንሽ ወረቀት እንዲለጠፍ ይጠይቁ። በቲማቲሙ ሣጥን ላይ የመጣበት ቦታና የተለቀመበት ቀን፣ በሽሮው ላይ የተፈጨበት ቀንና የገባበት እህል ቢጻፍ ለነጋዴው ወጪው እስክሪብቶ ነው። ስለሚገዙት ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተሰጠዎ መብት ነው። ስለሆነም ሲጠይቁ አይሸማቀቁ። በትሕትና፣ ግን በግልጽ ይጠይቁ።

አምስተኛ፣ መልካም ሲያገኙ ይናገሩ። የሽሮ ሜዳን የጥበብ ልብስ ከከተማ አልፎ ባሕር ማዶ ያደረሰው የደንበኛ ወሬ ነው። ጥሩ ጎመን ያመጣች ባለሱቅም ወሬዋ ይድረሳት። በተቃራኒው በምግብ ላይ ባዕድ ነገር ተቀላቅሏል ብለው ከጠረጠሩ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ይጠቁሙ።

ገንዘቡ ካልበቃስ?

በጥንቃቄ የተመረተ ምግብ ዋጋው ጨመር ሊል ይችላል። የሁሉም ሰው ኪስ ሁሉንም አይችልም። እንዲህ ከሆነ ቅድሚያ ይስጡ። ጥሬውን ለሚበላው ሰላጣና ቲማቲም፣ ለቆስጣ፣ እንዲሁም ለሕፃናት ለሚዘጋጅ ምግብ ትንሽ ጨምረው ምንጩ የታወቀውን ይግዙ። እንደ ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶ ያሉት ልጣጫቸው ስለሚጣል በቅሪት በኩል የሚያሳስቡት ያነሰ ነው። ጭማሪውን ገንዘብ ደግሞ ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል። በሳምንት ለለስላሳ መጠጥና ለብስኩት የሚያወጡትን እስቲ ያስሉት። ብዙ ቤተሰብ የጎመኑን ልዩነት እዚያ ያገኘዋል።

እስከዚያው በቤትዎ የሚከተሉትን ያድርጉ። አትክልቱን በተዘፈዘፈበት ውሃ ሳይሆን በወራጅ ውሃ እያሹ ይጠቡ። የጥቅል ጎመንና የሰላጣን የላይኛውን ቅጠል ይጣሉ። ካሮትና ድንች ይላጡ። በልብስ ሳሙና አይጠቡ፤ ሳሙናው ራሱ ውስጥ ይገባል። ለሽሮ የሚገዙትን ጥራጥሬ ከመፈጨቱ በፊት ለቅመው ከቤት ውጭ ፀሐይና አየር በሚያገኝ ቦታ ያናፍሱ። የነቀዝ ኪኒን በምንም ዓይነት በመኖሪያ ክፍል ውስጥ አያስቀምጡ። ቦታ ካለዎት ደግሞ በጆንያ ወይም በአሮጌ ባልዲ አፈር ሞልተው ቆስጣና ጎመን ይትከሉ። እንጦጦ ሥር ያለው አየር ለጎመን የተመቸ ነው፤ የዚያን ጎመን ታሪክ የሚነግርዎ ሌላ ሰው አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን አንብበው ፈርተው አትክልት መብላት እንዳይተዉ! የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እኛ ብዙዎቻችን ከዚህ በታች ነን። አትክልትና ፍራፍሬ ማጣት በልብ፣ በደም ግፊትና በአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች በኩል የሚያመጣው ጉዳት የታወቀ ነው። ስለዚህ መልሱ ከጎመኑ መሸሽ ሳይሆን የተሻለውን ጎመን ማስመጣት ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሰፈርዎ ሱቅ ሲገቡ ከ«ስንት ነው?» በፊት «ከየት መጣ?» ይበሉ። ባለሱቁ የመጀመሪያ ቀን ትከሻውን ሊነቀንቅ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ሰው ሲጠይቀው ግን አትክልት ተራ ወርዶ እሱም ይጠይቃል። እሱ ሲጠይቅ ጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩ ሲጠይቅ ገበሬው ይሰማል። የሽሮ ሜዳ ደንበኛ ፈትሉን ጠይቆ ፈትል እንዳስመጣ ሁሉ፣ ንጹሕ ጎመንም የሚመጣው ሲጠየቅ ነው።